1911 ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው

አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ መደብር ገብቶ «እስቲ 1911 አሳዩኝ» ያለ ደንበኛ መልካቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ሽጉጦች ይደረደሩለታል። አንዱ ከ500 ዶላር በታች ነው፤ አጠገቡ ላለው 3,000 ይጠየቃል። ሁለቱም መዶሻቸው ከኋላ ጎልቶ የሚታይ፣ ከፊልም የምናውቃቸው «ኮልቶች» ናቸው። ርካሹን ገዝቶ የሚታመን መሣሪያ ማግኘት ይቻላል? ይቻላል። ለምን እንደሚቻል ለመረዳት ግን ሽጉጡ እንዴት እንደተፈጠረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ጦር ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ፣ የታጠቀው .38 ሪቮልቨር እየሮጠ የሚመጣበትን ሰው ማስቆም ተሳነው። ጦሩ ከበድ ያለ ጥይት ፈለገ። የዩታ ተወላጁ ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ .45 ኤሲፒ የተባለውን ጥይትና የሚተኩሰውን ሽጉጥ ሠራ። ማርች 1911 ላይ በተደረገው ፈተና ሽጉጡ 6,000 ጥይት አንድም ጊዜ ሳይነክስ ተኮሰ። ጦሩ በዚያው ወር ተቀበለው፤ በቤሬታ የተተካውም በ1985 ነው።

ብራውኒንግ ሽጉጡን የሠራው ለጭቃና ለአሸዋ ነው። ክፍሎቹ በመጠኑ ላላ ብለው የሚገጣጠሙ ስለሆኑ ቆሻሻ ቢገባባቸውም አይቆሙም፤ ለጽዳትም ያለ መፍቻ ይፈታታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጽሕፈት መኪና ጋር ስሙ የሚነሣው ሬሚንግተን ራንድና የባቡር ምልክት መሣሪያ የሚሠራው ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል ጭምር አምርተውታል፤ የአንዱ ክፍል ለሌላው እንዲገጥም ታስቦ ነበር። የዛሬ ገዢ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ንድፉ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ መለዋወጫውም በየቦታው ይገኛል።

ዛሬ ዋጋቸው ከሚቀመሱት መካከል በሰፊው የሚታወቁት በሮክ አይላንድ አርመሪ ስም የሚሸጡት ናቸው። የሚሠሩት ማኒላ አጠገብ፣ ማሪኪና ውስጥ ባለው የአርምስኮር ፋብሪካ ነው። ሽጉጡ እንዲፈለግ ምክንያት የሆነችው አገር ራሷ ለአሜሪካውያን በርካሽ እየሠራች መላኳ በጣም ይደንቀኛል። ሌላው ተፎካካሪ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ካለችው ከትራብዞን የሚመጣው የቱርኩ ቲሳሽ ነው። በእነዚህ ላይ ዋጋው የወረደው በአብዛኛው በማስዋቢያውና በእጅ ሥራው ሰዓት ላይ ተቆጥቦ ነው፦ ቀለሙ ደብዛዛ ነው፣ ማነጣጠሪያው አንዳንዴ እንደ ጥንቱ ትንሽ ነው፣ ምላጩም ትንሽ ሊሻክር ይችላል። የውዱ ዋጋ በብዛት የሚሄደው ባለሙያው እያንዳንዱን ክፍል በሞረድ እያስማማ ለሚያጠፋው ጊዜ ነው። ያ ድካም ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ተቀራርበው እንዲያርፉ ይረዳል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ሽጉጥ ግን ቆሻሻና ደረቅ ብረትን ላላ ካለው ያነሰ ይታገሣል።

ስለዚህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፤ ተራውን፣ ሙሉ ቁመት ያለውን፣ አፈሙዙ 5 ኢንች የሆነውን ግዙ። ባለ 3 ኢንቹ ለመያዝ ይመቻል ብለው የሚገዙ አሉ። ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል) ሲያጥር ግን ቶሎ ተመልሶ ይዘጋል፤ የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ የሚገፋበት ጊዜም ያንሳል። ብራውኒንግ ያሰላው ሚዛን ይዛባል፣ መንከስም ይበዛል።

መደብር ውስጥ ሽጉጡ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፤ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዳችሁ መዶሻውን አንሡና ሴፍቲውን አስገቡ። ምላጩን ሳቡና ልቀቁ፣ ቀጥሎ ሴፍቲውን አውርዱ። በዚህ ሁሉ መዶሻው ንቅንቅ ማለት የለበትም። እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ሁለተኛው ሴፍቲም መዳፍ ካልተጫነው ምላጩን ማሰር አለበት። ከሁለቱ አንዱ ካልሠራ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ይህ ሽጉጥ አስቸገረ ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ካዝናውን ነው። ጥይቱን አቅፎ የሚይዘው የካዝና ከንፈር ትንሽ ከተጣመመ ጥይቱ አፍንጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል። ቀጥሎ የሚመጣው ባዶ ቀልሃውን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ነው። በጥንታዊው ንድፍ ጥፍሩ የራሱ ሞላ የለውም፤ ሙሉው ዘንግ በመጠኑ ጎብጦ ራሱ እንደ ሞላ ይሠራል፤ ከላላ ቀልሃውን ይጥላል፣ ከጠበቀ ጥይቱን አያስገባም። የጠመንጃ ጠጋኝ በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል። ከሽጉጡ ጋር የመጣውን ካዝና ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ፤ የጣሊያኑን ሜክ-ጋር ወይም የአርካንሶውን ዊልሰን ኮምባት ካዝና ጨምሩ።

ጥይትን በተመለከተ፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ 1911 ርግጫው ቀለል ያለ፣ ጥይቱም ከ.45 የረከሰ ነው። ብዙ ለመለማመድ ላሰበ እሱ ይሻላል፤ በጊዜ ብዛት የጥይቱ ወጪ ከሽጉጡ ዋጋ ይበልጣልና። ታሪኩን ለወደደ .45ን የሚተካው የለም። ልብ በሉ፤ ንድፉ የተሠራው ለክብ አፍንጫ ጥይት ነው፤ አፉ ሰፊ የሆነውን ባዶ-አፍንጫ ጥይት አንዳንዱ ሽጉጥ አይውጥም።

በሕግ በኩል፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ ቅጽ 4473 መሙላትና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ወገን መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ለእሱ ብሎ በራስ ስም መግዛት ከባድ ወንጀል ነው፤ ወዳጅም ዘመድም ቢለምን እሺ አይባልም። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች የራሳቸው ተጨማሪ ሕግ አላቸው። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ሽጉጡ ቁልፍ ባለው ሣጥን፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ምላጩ አጭርና ቀላል ስለሆነ፣ መለማመጃ ጊዜ ለሌለው ሰው ይህን ሽጉጥ አልመክርም።

ገዝታችሁ ስትወጡ ፋብሪካው የቀባውን ቅባት ጥረጉ፣ ስላይዱ የሚሄድባቸውን ሐዲዶች ዘይት ቀቡ፣ ወደ ተኩስ መለማመጃም ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት በእያንዳንዱ ካዝና ግርጌ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹን 200 ያህል ጥይቶች ስትተኩሱ ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር በየትኛው ካዝና እንደሆነ መዝግቡ። ሁልጊዜ ቁጥር 2 ላይ ከሆነ ካዝናውን ቀይሩ፤ በሁሉም ላይ ከሆነ ሽጉጡን ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።