ያውቁ ኖሯል? ተኩስ የማይወደው የጦር ጌም

መርካቶ ጌም ቤት ውስጥ ኮናሚ ማለት ኳስ ነው። ፕሌይስቴሽን ዋንና ቱ ላይ ሲቀጠቀጥ የኖረው፣ መጀመሪያ «ዊኒንግ ኢሌቨን» ኋላ «ፔስ» የተባለው ጌም የኮናሚ ነው። ይኸው የጃፓን ኩባንያ ግን ሌላ ልጅ አለው፤ ጠላትን ከመግደል ይልቅ በጀርባው ሾልኮ ማለፍን የሚያስቀድም፣ «ሜታል ጊር» የሚባል። ከዚህ ቤተሰብ ብዙ ተጫዋች ምርጡ ነው የሚለው «ስኔክ ኢተር» ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. «ዴልታ» የሚል ተቀጽላ ይዞ ገበያ ላይ ዋለ። የዛሬው «ያውቁ ኖሯል?» ለእሱ ነው። «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የመደበቅ ጌም የተወለደው ከእጥረት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሂዴዮ ኮጂማ ኮናሚ ውስጥ ገና ጀማሪ ሳለ የጦርነት ጌም ሥራ ተባለ። የተሰጠው ኮምፒውተር ኤምኤስኤክስ 2 ግን ብዙ ወታደርና ብዙ ጥይት በአንድ ስክሪን ላይ ማንቀሳቀስ አይችልም። መዋጋት ካልተቻለ መደበቅ ነው ብሎ የመጀመሪያውን «ሜታል ጊር» በ1987 አወጣ። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይኼ ነው።

የ1998ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ» ኮፒ ሲዲ የሚጫወተውን ሰው መሀል መንገድ ላይ ያስቀር እንደነበርስ? ሜሪል የምትባለዋን ልጅ በሬዲዮ ለማግኘት ቁጥሯ ያስፈልጋል። የጌሙ ጀግና አለቃ ቁጥሩ የሲዲው ማሸጊያ ጀርባ ላይ አለ ይላል። ማሸጊያ ሲል በጌሙ ውስጥ ያለ ዕቃ ማለቱ አልነበረም፤ ሱቅ ገብተው የገዙትን የእውነቱን የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው። 140.15 የሚለው ቁጥር ከኋላው ካሉት ፎቶዎች በአንዱ ላይ ታትሟል። አሁን መርካቶን ያስቡ። ሲዲው ቺፕ ለተደረገ ማሽን የተቀዳ ነው፣ የተሸጠው በስስ ላስቲክ ነው፣ ስሙ የተጻፈበት በማርከር ነው። ጀርባው የት አለ? ያለው ምርጫ ሬዲዮውን አንድ በአንድ እያዞሩ መሞከር ወይም ቀድሞ ካለፈ ልጅ ቁጥሩን መጠየቅ ነበር። የኮፒ መከላከያ ተብሎ ይሠራ አይሠራ ለክርክር ይተው፤ የሰፈር ልጆችን ግን ያገናኛል።

በዚያው ጌም ሳይኮ ማንቲስ የሚባል ቦስ አለ፤ አእምሮ አነባለሁ ባይ ነው። የሚያነበው ግን ሜሞሪ ካርድዎን ነው። ካርዱ ላይ እሱ የሚያውቃቸው የኮናሚ ጌሞች ሴቭ ካሉ በስማቸው እየጠራ ምን እንደሚወዱ ይነግርዎታል። ጌም ቤት ውስጥ ካርዱ የጋራ ነውና የሚነበበው የሰፈሩ አእምሮ ነበር።

ማንቲስን ለማሸነፍ ጆይስቲኩን ነቅሎ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ መሰካት ያስፈልግ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሌላ ከፋይ ሲቀመጥ የኖረበት ቤት ውስጥ ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ራሱን የቻለ ቦስ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እንዲህ ያለ ጌም በእኛ ጌም ቤቶች ሥር ያልሰደደው ልጆቹ ስለማይወዱት አይመስለኝም። የቤቱ ሒሳብ ስለማይፈቅድለት ነው። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል፣ ሁሉም ይጮኻል። የሚደበቅ ሰው ግን ሣር ውስጥ ተኝቶ ዘብ እስኪዞር ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከጀርባው የቆመው ደግሞ «በቃ ተኩስበት!» ይለዋል። በዚያ ላይ የኮጂማ ወሬ አያልቅም። የ2008ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ 4» 27 ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚታይ ትዕይንት ስላለው ጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን ብሎ መዝግቦታል። በሰዓት እየከፈሉ 27 ደቂቃ ጆይስቲክ ይዞ ፊልም ማየት!

«ስኔክ ኢተር» የሚጀምረው ነሐሴ 1956 ዓ.ም. ነው። ስኔክ የተባለው አሜሪካዊ ሰላይ በሶቪየት ኅብረት ጫካ ውስጥ ብቻውን ይጣላል። ልብ ወለድ ነው። በዚያው ነሐሴ ግን የእውነተኛው የአሜሪካ ጆሮ የተተከለው አስመራ ነበር፤ በወቅቱ በኢትዮጵያ ሥር። ቃኘው ስቴሽን ይባላል፤ አሜሪካኖቹ ከ1943 እስከ 1977 የሰው ሬዲዮ ሲያዳምጡ የኖሩበት ሰፈር ነው። ስሙ የተወሰደው ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሲሆን፣ የሻለቃው ስም ደግሞ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው።

የቃኘው ልጆች ኮሪያ ላይ በሌሊት ቅኝት የታወቁ እንደነበሩስ? በጨለማ ወደ ጠላት ምሽግ መጠጋት፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጠበቅ፣ ቁስለኛንም ሬሳንም ጥሎ አለመመለስ። አንድም ምርኮኛ ለጠላት ሳይሰጡ ተመልሰዋል። አሜሪካዊው የጦር ጸሐፊ ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል በ1956 ባወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያውያኑ ቅኝት በአድናቆት ጽፏል። እነዚያ ሰዎች ያለ ሴቭ ነው የተጫወቱት።

ስኔክ የሚበላውን ከጫካ ነው የሚያድነው፤ እባብ፣ እንቁራሪት፣ እንጉዳይ፣ የሌሊት ወፍ። ራጉኤልም አንዋር መስጊድም አጠገብ ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ በሁለቱም ደጅ እባብ አይበላም። ሳይበላ ከቆየ ግን የስኔክ ሆድ ይጮኻል፣ ጩኸቱን ዘቡ ይሰማል። ሁዳዴን የጾመ ሰው ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በረሃብ የሚጎዳው ስኔክ ብቻ አይደለም። የጠላትን የምግብ መጋዘን በፈንጂ ካወደሙት የአካባቢው ወታደሮች ይራባሉ፤ ያን ጊዜ የበሰበሰ ሥጋ ቢወረውሩላቸውም አንስተው ይበሉና ይታመማሉ። ይህ ሁሉ በ2004 ፕሌይስቴሽን ቱ ላይ ነበር!

ዘ ኤንድ የሚባለው ሽማግሌ አልሞ ተኳሽ በእርጅና ሊሞት እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ውጊያው መሀል ሴቭ አድርገው አንድ ሳምንት ቢጠፉ፣ ወይም የማሽኑን ቀን ከሳምንት በላይ ወደፊት ቢገፉት፣ ሲመለሱ ሞቶ ያገኙታል። አዲሱ ሥራም ይህን ቀልድ አላስቀረውም። ተረኛ በበዛበት ጌም ቤት ሽማግሌው በወረፋ ብቻ ይሞት ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ወንዙ ነው። ዘ ሶሮው የሚባለው ሙት ስኔክን ጉልበት የሚደርስ ውኃ ውስጥ ያስገባዋል፤ መተኮስ የለም፣ መሸሽ የለም፣ መራመድ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት እስከዚያ ደቂቃ በእጅዎ የገደሏቸው ወታደሮች በየተገደሉበት ቁስል አንድ በአንድ ይመጣሉ። ጉሮሮው የታረደ ጉሮሮውን ይዞ፣ የተቃጠለ እየነደደ። ብዙ የገደለ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል፤ በማደንዘዣ ብቻ እያስተኛ ያለፈ ሰው ፀጥ ያለ ወንዝ ነው የሚጠብቀው። አንድ ወታደር ገድለው፣ ሬሳውን አሞራ በልቶት፣ አሞራውን ደግሞ እርስዎ አድነው ከበሉት ያ ወታደር ወንዙ ውስጥ መጥቶ «በላኸኝ» ብሎ ይጮኽብዎታል። ይህን ማንም ላያገኘው ይችላል ብሎ ሳይሰስት ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው አለ።

ወደ አዲሱ እንምጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ደጋፊዎች ገና ሲነገራቸው ደንግጠው ነበር። ኮጂማ በ2015 ኮናሚን ለቆ ወጥቷል። በ2016 ኮናሚ የ«ስኔክ ኢተር»ን ትዕይንቶች በሚያምር አዲስ ግራፊክስ ሠርቶ ሲያበቃ ለቁማር ማሽን ሰጣቸው፤ ተጫዋቹ የተናደደው ያኔ ነው። ያለ ኮጂማ የወጣው የ2018ቱ «ሜታል ጊር ሰርቫይቭ»ም ንዴቱን አላበረደውም።

ዴልታን ኮናሚ የሠራው መቀመጫውን ሲንጋፖር ካደረገው ቨርቹዎስ ጋር ሲሆን፣ የተሠራበት ሞተር አንሪል ኢንጂን 5 ነው። ሰው የፈራው መበላሸቱን ነበር፤ ሲወጣ የተሰማው ቅሬታ ግን ተቃራኒው ሆነ፤ ከሚገባው በታች ነው የተነካው የሚል። ድምፁ እንኳ ያው የድሮው ቅጂ ነው፤ ዴቪድ ሄይተር ከሃያ ዓመት በፊት የተናገረውን ነው ዛሬ አዲስ ፊት ያለው ስኔክ የሚናገረው። በወጣ በቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ጫካው አሁንም የተቆራረጠ መሆኑንስ? ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ይጭናል፣ ይቀጥላል። በ2004 ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የፕሌይስቴሽን ቱ ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 16 ጊጋባይት፣ አምስት መቶ እጥፍ። ግድግዳው ፈርሶ ሳለ በሩን እንዳለ ማቆየት ለምን እንዳስፈለገ ለእኔ አልገባኝም፤ ለብዙ ተጫዋችም አልገባውም።

ሁለት አጨዋወት ተሰጥቷል። «ሌጋሲ» የሚባለው ካሜራውን እንደ ድሮው ከላይ ይሰቅለዋል፣ የቁልፎቹንም አቀማመጥ አይለውጥም። «ኒው» የሚባለው ካሜራውን ትከሻ ላይ ያደርግና አጎንብሶ መሄድን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ያነሱት ነጥብ ትክክል ነው፤ ዘቦቹ የቆሙት የድሮው ስኔክ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ወይም በሆዱ ከመሳብ ሌላ ምርጫ ሳይኖረው በተሰላ ቦታ ነው። ትከሻ ላይ ሆኖ አርቆ የሚያይ፣ አጎንብሶ የሚፈጥን ሰው ሲመጣባቸው ጌሙ ይቀላል። አዲስ ከሆኑ በ«ኒው» ይጀምሩ፤ ፈተናውን ከወደዱ ደግሞ የችግር ደረጃውን ከፍ ያድርጉት።

ያልተጨቃጨቁበት ነገር ቁስሉ ነው። ስኔክ የተመታበት፣ የተቃጠለበት፣ የተቆረጠበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይቀራል። ጭቃው ልብሱ ላይ ይደርቃል፣ ቅጠል ፂሙ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሰዎች ይህን ጌም ቢጨርሱ የሁለቱ ስኔክ ገላ አንድ አይሆንም። ከድጋሚ እትሞች ተቆርጦ ቀርቶ የነበረው፣ ስኔክ እስር ቤት ተኝቶ የሚያየው የቅዠት ጨዋታም ተመልሷል።

ስብራቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሲወጣ ለፍጥነት ተብሎ በተሠራው ምርጫ እንኳ ፕሌይስቴሽን 5 በሴኮንድ 60 ምስል ላይ ጸንቶ አይቆይም ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ውድ ካርድ ቢገጥሙ ከ60 አያልፍም ነበር።

ሶኒ የፕሌይስቴሽን ስቶር ከከፈተላቸው አገሮች ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ እዚህ የሚጫወት ሰው የውጭ አገር አድራሻ ያለው አካውንት ከፍቶ በስጦታ ካርድ ይገዛል፣ ካልሆነም ዲስኩን ከመንገደኛ ያስመጣል። ሲወጣ 70 ዶላር ነበር፤ በዚያ ሰሞን የባንክ ምንዛሪ ወደ 10 ሺህ ብር የሚጠጋ። ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ደግሞ 100 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ያን የሚያወርደውን ፓኬጅ ራስዎ ያስሉት።

መሸሽና መደበቅ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የእኛው ቅኔ ጌምስ በሠራው የሞባይል ጌም «ኩኩሉ» የሚሸሸው ሰላይ ሳይሆን ዶሮ ነው። ስሙ ድብብቆሽ ለተጫወተ ሁሉ ይታወቃል፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ አውራ ዶሮ ሲጮኽ ገና ያልተሸሸገው «አልነጋም» እያለ ጊዜ ይገዛል።

ኮናሚም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በዴልታ ላይ ድብብቆሽ ጨምሯል። «ፎክስ ሀንት» ይባላል፤ እስከ 12 ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ ጫካ ውስጥ እየተደበቀ ይፈላለጋል። ማሽኖቹ ግን አይገናኙም፤ ፕሌይስቴሽን ያለው ኤክስቦክስ ያለውን ጓደኛውን እዚያ ጫካ ውስጥ አያገኘውም።