ዘረኞች አደባባይ ሲወጡ እኛስ እንውጣ?

በቆቦ ቆላ የማታ ትምህርታችን የሚካሄደው ከማሽላ አውድማ አጠገብ፣ በሶላር መብራት ነው። አንድ ምሽት ንባቡን ጨርሰን ደብተር ስንሰበስብ፣ አንድ አዛውንት ተማሪያችን እጃቸውን አነሡ። በሬዲዮ የሰሙት ነገር አልገባቸውም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በእንግሊዝ አገር ዘረኞች ስደተኛ ያረፈበትን ሆቴል ሊያቃጥሉ ሲነሡ፣ ተራው ሕዝብ "አትነኳቸውም" ብሎ ወጣ ይላል ወሬው። "ልጆቼ፣ በዚያ አገር ፖሊስ የለም እንዴ? ሠራተኛው፣ ነጋዴው ምን አገባው? ቤቱ ቢቀመጥ አይሻለውም?" አሉን።

ያን ማታ አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። እኛም እርስ በርሳችን አልተስማማንም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን እዚህ ጻፍነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ "ቀኝ አክራሪ" የሚባሉ ቡድኖች አሉ። ስማቸው ግራ ያጋባል፤ ሥራቸው ግን ቀላል ነው። "አገሩ የኛ ዘር ብቻ ነው፤ ሌላው ይውጣ" ይላሉ። አንዳንዱ ይህን በምርጫ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በዱላና በእሳት። እኛ የምናወራው ስለ ዱላውና ስለ እሳቱ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሰው የራያ ቆላ ያውቀዋል። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ፋሽስት ማይጨው ላይ ሲዋጋ፣ በራያና በአዘቦ ብርና ጠመንጃ አከፋፈለ። በመንግሥት የተቀየመውን ሰው ከጦርነቱ በሚመለሰው የገዛ አገሩ ጦር ላይ አስነሣው። ይህን የምናነሣው የማንንም አያት ለመውቀስ አይደለም። ዘረኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ጎረቤት ከጎረቤት የተቀያየመበትን ቦታ ስለሆነ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ገደሉ፣ ቤት አቃጠሉ።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. ጥቁር ሸሚዝ ለንደን ላይም ወጥቶ ነበር። መሪው ኦስዋልድ ሞዝሊ ይባላል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር "እንግሊዝን አያገባትም" ብሎ ዘመቻ ያካሄደ ሰው ነው። መስከረም 24 ቀን፣ እሑድ፣ ተከታዮቹን በሺህ አሰልፎ አይሁዶች በብዛት በሚኖሩበት በምሥራቅ ለንደን ሊያልፍ ተነሣ። የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ በብዙ ሺህ ፈርሞ "ሰልፉን አግዱልን" ብሎ ነበር። መንግሥት አልሰማም። እንዲያውም በሺህ የሚቆጠር ፖሊስ ላከ፤ የላከውም መንገድ እንዲያስከፍትለት ነው።

አዛውንቱ የጠየቁን ጥያቄ ያን ጊዜም ተጠይቋል። የአይሁድ ማኅበር ታላላቆች "ከቤታችሁ አትውጡ፤ ብትወጡ ነገር ታባብሳላችሁ" ብለው መከሩ። ሰዉ ግን ወጣ። አይሁዱ ልብስ ሰፊ ወጣ፤ ዘሩ ከአየርላንድ የሆነው የወደብ ሠራተኛም ወጣ፤ እሱን እኮ ማንም አልነካውም ነበር። ኬብል በሚባለው መንገድ ላይ መኪና ገልብጠው፣ አሮጌ ዕቃ ከምረው ዘጉት። ከፈረሰኛ ፖሊስ ፈረሶች ኮቴ ሥር ብይ በተኑ። ሴቶች ከፎቅ መስኮት ቆሻሻ ደፉ። ማለፊያ ሲጠፋ የፖሊሱ አዛዥ ሞዝሊን ሰልፉን ይዘህ ተመለስ አለው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የፖለቲካ ቡድን የደንብ ልብስ ለብሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ታወጀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። በሳምንቱ ግን የሞዝሊ ወገኖች ተመልሰው የአይሁድ ሱቆችን መስታወት ሰባበሩ፣ ሰው ደበደቡ። በአሜሪካም በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሻርለትስቪል በሚባል ከተማ አንድ ዘረኛ ሊቃወሙት በወጡ ሰዎች ላይ መኪናውን ነድቶ አንዲት ሴት ገደለ። እንግዲህ መውጣት ዋጋ ያስከፍላል። "ምንም አይደርስባችሁም" የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት።

በ2016ቱ የእንግሊዝ ነገር መነሻው ውሸት ነበር። ሦስት ሕፃናት በጩቤ ተገደሉ። "ገዳዩ ስደተኛ እስላም ነው" ተባለ። ልጁ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። መስጊድ ተደበደበ፣ ሆቴል ላይ እሳት ተለቀቀ። ነሐሴ 1 ቀን በየከተማው ሺዎች ወጥተው በስደተኞች ደጃፍ ቆሙ፤ በብዙ ቦታ ዘረኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። ፍርድ ቤቱም ያጠፉትን ቶሎ ቶሎ አሰረ። ሁለቱ ተጋግዘው ነው ያበረዱት።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ዘንድ "ቀኝ አክራሪ" የሚል ስም የለም፤ "ይህ መሬት የኛ ዘር ብቻ ነው" ብሎ ቤት የሚያቃጥል ግን አለ። በጥር 2010 ዓ.ም. በወልዲያ በቃና ዘገሊላ ዕለት ሰዎች በጥይት ሲገደሉ ቁጣው ቆቦ ደረሰ። ሰው ሐዘኑን ሊናገር ወጣ። ይህ ተገቢ ነው። ወዲያው ግን በስማቸውና በዘራቸው የተነሣ የሰዎች ቤትና ንብረት ተቃጠለ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ጥይቱን አልተኮሱም። ጠዋት በደል የተቃወመ ሰልፈኛ ከሰዓት በኋላ ራሱ በዳይ ሊሆን እንደሚችል ያየነው እዚሁ ደጃችን ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ኦሮሞ የሆነውን ሰውና ንብረት ሊያጠቁ ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ወጡ፣ በልጆቹ ፊት ተንበረከኩ። ልጆቹ ተመለሱ። በነዚያ ቀናት ከታየው ሁሉ እኛ ይህን እናስበልጣለን። የገዛ ወገንን መጋፈጥ ባዕድን ከመጋፈጥ ይከብዳልና። ወሎም አበጋሮች አሉት፤ ሲቆሙ ሰው ያፍራቸዋል።

የቆቦ ገበሬ የጎሊናን ጎርፍ እንዴት እንደሚጠልፍ እናንተ ለኛ አስተምራችሁናል። ጎርፉ ሳይመጣ ሁሉም ወጥቶ ድንጋይና እሾህ ይደረድራል። ብቻውን የወጣ ምንም አያደርግም። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ደግሞ መሐሉ ገብቶ የሚቆም ሞኝ የለም። ሰልፉም እንዲሁ ነው። ዱላና ድንጋይ ይዞ የመጣን ጥቂት ሰው፣ ባዶ እጁን የወጣ ብዙ ሰው ይመልሰዋል። መሣሪያ የያዘ ጦር ሲመጣ ግን በባዶ እጅ አይወጣም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን እዚህ ያየ ሰው ይህን ከኛ መስማት አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ሥራው ጎረቤትን መደበቅ፣ ሕፃንና አቅመ ደካማን ማሸሽ ነው።

የአንድ ቀን ሰልፍ ብቻውን አይበቃም። በኅዳር 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ ሙሉጌታ ሥራው የሚባል ኢትዮጵያዊ ወጣትን ራሳቸውን የተላጩ ዘረኞች በዱላ ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ታሰሩ። ቤተሰቡ ግን ከጀርባ ሆኖ ያነሣሣቸውንም ሰውና ድርጅቱን ከሰሰ። በ1983 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረደ፤ ያ ድርጅት ከዚያ በኋላ አላገገመም።

ይህን ሁሉ ስናነብላቸው አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙ። ቀጥለውም "እሺ፣ እንውጣ ብንልስ ማንን ነው የምናስፈቅድ?" አሉ። በአገራችን የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ አለ፤ በ1983 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 3 ነው። ሰልፉ ከመካሄዱ 48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። መሣሪያ ይዞ መውጣት አይቻልም። ወረቀቱ ላይ ያለውና ቢሮ ውስጥ የሚገጥማችሁ ላይመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ።

"በጽሑፍ" የሚለውን ሲሰሙ አንዲት እናት ሣቁ። በማግሥቱ ማታ የተለመደውን ንባብ ትተን ደብዳቤውን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፦ ቀን፣ ለማን፣ የት እንደምንሰበሰብ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን፣ የአስተባባሪዎች ስምና ፊርማ። ሁሉም በየደብተሩ ገለበጠ። "ለምን" በሚለው ቦታ እኒያ እናት "ጎረቤታችን እንዳይነካ" ብለው ጻፉ። ፊርማቸውንም አሰፈሩ።