የላፕቶፕ ስክሪን ለምን ያፏጫል?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ሌሊት የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ፤ ከላፕቶፑ ስክሪን ሥር እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ፉጨት ይሰማ ጀመር። ወዳጄ ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውል፤ ማታ የሚማር ሰው ነው። ላፕቶፑንም ያገለገለ ሆኖ የገዛው ከደመወዙ ቈጥቦ ነበር። ፉጨቱን ችሎ ሁለት ወር ያህል ሠራበት። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ ስክሪኑ በራና ሁለት ሰከንድ ሳይቈይ ጨለመ። በማግሥቱ የወሰደለት ጠጋኝ ገና ከፍቶ ሳያይ፤ «ስክሪኑ ሞቷል፤ ሙሉውን መለወጥ ነው» አለና፤ የጠራው ዋጋ ላፕቶፑ ከተገዛበት ከግማሽ ይበልጥ ነበር። የጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የስክሪኑን አሠራር ማወቅ ይገባል። ሥዕሉን የሚያሳየን ፈሳሽ ክሪስታል ያለበት ገበታ በራሱ አንዳች ብርሃን የለውም፤ ሥራው እንደ መስኮት መጋረጃ ብርሃንን ማሳለፍና መከልከል ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከበስተኋላው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2010 ዓመተ ምሕረት ገደማ በተሠሩት በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ይህ ብርሃን የሚገኘው በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ከተጋደመ፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከሆነ የፍሎረሰንት ቱቦ ነው። በቢሮ ጣሪያ ላይ የምናየው የፍሎረሰንት መብራት ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። የአፕል ኩባንያ በ2007 ባለ 15 ኢንቹን ማክቡክ ፕሮ በኤል ኢ ዲ መብራት ሠርቶ አወጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቱቦው ከአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ጠፋ። የወዳጄ ላፕቶፕ ግን ከቀድሞዎቹ ወገን ነበር።

ቱቦው ሊበራ ሲነሣ ከ1,000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ከበራም በኋላ በመቶዎች የሚቈጠር ቮልት ይወስዳል። የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ 20 ቮልት እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት የሚሞላው ኢንቨርተር የተባለ ጠባብ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር በሰከንድ 50,000 ጊዜ ያህል ስለሚመላለስ፤ የሰው ጆሮም ከ20,000 በላይ ያለውን ስለማይሰማ፤ ሥራው ዝምታ መሆን ነበረበት። ታዲያ ፉጨቱ ከየት መጣ? ስክሪኑን ደብዘዝ ባደረግነው ጊዜ ኢንቨርተሩ ቱቦውን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቈጠር ጊዜ ያጠፋዋል፤ መልሶም ያበራዋል። ይህን ዓይን ባያየውም ጆሮ ይሰማዋል፤ በየማጥፋቱና በየማብራቱ ትራንስፎርመሩ ይንቀጠቀጣልና። ጥቅል ሽቦውን አጥብቆ የያዘው ሙጫ ባረጀ ቍጥር ንዝረቱ ይብሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ መፍቻ እንኳ አይጠይቅም። የብርሃኑን ቍልፍ እየተጫኑ ጆሮን ወደ ስክሪኑ ማስጠጋት ነው። ፉጨቱ ከብርሃኑ ጋር የሚለዋወጥ፤ ይልቁንም ብርሃኑ ሙሉ ሲሆን ዝም የሚል ከሆነ፤ ነገሩ ከኢንቨርተሩ ወይም ከቱቦው ነው። ብርሃኑ ቢለወጥም ድምፁ ካልተለወጠ ማራገቢያውን ወይም ሀርድ ዲስኩን መጠርጠር ይሻላል። ኤል ኢ ዲ ያላቸውም ቢሆኑ ብርሃናቸው ሲቀንስ አንዳንዴ ያፏጫሉ፤ የእነርሱ ፉጨት ግን ለአደጋ ምልክትነት እምብዛም አይቈጠርም።

ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። እኛም መብራት አጥፍተን ወደ ጨለመው ስክሪን በሰያፍ ብናበራበት፤ የጽሑፉ ፊደላት በጭላንጭል ታዩን። ወዳጄ ምን ያህል ደስ እንዳለው መናገር አያስፈልግም! ገበታው አልሞተም፤ መብራቱ ብቻ ነው የጠፋው። ማጠፊያውን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት የሚበራ ቢሆን ኖሮ የሽቦ ጕዳይ ነው በተባለ፤ ይህኛው ግን ምንም ቢያወዛውዙት አልተለወጠም።

ከዚያ በላይ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው፤ ኢንቨርተሩን ኃይል እያለበት በጣት መንካት ያቃጥላል፤ ያስደነግጣልም። በቱቦውም ውስጥ ጥቂት ባዜቃ አለና እንዳይሰበር መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ወደ ሌላ ጠጋኝ ሄድን። እኚህ ሰው ቀድሞ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ወዳጄ፤ «ጋሼ፤ ይድናል?» ቢላቸው፤ «ልጄ፤ መጀመሪያ ጽሑፍህን አውጣ» አሉና ላፕቶፑን ከራሳቸው ስክሪን ጋር በሽቦ አገናኙለት፤ ጽሑፉም ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ይህን እንኳ አላሰበለትም።

ከበራ በኋላ ወዲያው መጥፋቱ ኢንቨርተሩ ራሱንም ሆነ ያረጀ ቱቦን ሊያመለክት ይችላል፤ ኢንቨርተር ቱቦው አልስማማው ሲል ራሱን ይዘጋልና። አዛውንቱ ነገሩን የለዩት ጤናው የታወቀ ሌላ ቱቦ በማገናኘት ነው። በእርሱም ፉጨቱና መጨለሙ ስላልቀረ ጥፋቱ የኢንቨርተሩ ሆነ። ቍጥሩና መሰኪያው አንድ ዓይነት የሆነ ኢንቨርተር ከአንድ ከተሰበረ ላፕቶፕ አውጥተው ገጠሙለት፤ የተከፈለውም ከሙሉ ስክሪን ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

የቱቦው እርጅና ግን ቀርቷል። የእንዲህ ያለው ቱቦ ዕድሜ የሚለካው ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ሲሆን፤ 10,000 ሰዓት ቢሆን በቀን ስምንት ሰዓት ለሚያበራው ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። የሚናማታ ስምምነት አገሮችም በ2022 ጉባኤያቸው ለስክሪን የሚሆኑ እነዚህ ባለ ባዜቃ ቱቦዎች ከ2025 በኋላ እንዳይሠሩ ስለ ወሰኑ፤ ምትኩን ከተጣሉ ስክሪኖች መፈለግ ግድ ነው። የወዳጄ ስክሪን ጧት ጧት ሲበራ ፊቱ ወደ ቀይ ያደላል፤ ነጭ ለመሆንም አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እርሱም በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ሻዩን ያፈላል። ጽሑፉን በቀኑ አስረክቧል።