እውነት ወይስ ተረት? «ጂ ውስጥ ያለ ገንዘብ አይነካም» እና ሌሎች የቢሮ ወሬዎች

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በፌዴራል መሥሪያ ቤት አርጅተን የወጣን ሐበሾች ቡና ላይ ስንገናኝ፣ ከደም ግፊት ቀጥሎ የምናነሣው ቲኤስፒን ነው። ትሪፍት ሴቪንግስ ፕላን ማለት ነው፤ ኮንግረስ በ1986 ባወጣው ሕግ ተቋቁሞ በ1987 ሥራ የጀመረ የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዛችን ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱም ይጨምርበታል። በየትኛው ፈንድ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ግን ሠራተኛው ራሱ ነው። መደበኛው ጡረታ በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ተሰልቶ ይመጣል፤ ይኼኛው እንደ ምርጫችን ይበዛል ወይም ይመነምናል።

እኔ በ1993 ተቀጥሬ በ2021 ጡረታ ወጣሁ። በ28 ዓመት ውስጥ ስለዚህ ገንዘብ የሰማሁት ምክር አብዛኛው የመጣው ከሊፍት ውስጥ፣ ከለቅሶ ቤትና ከክርስትና ድግስ ነው። ጥቂቱንም አምኜ ከስሬበታለሁ።

«ጂ ውስጥ ያለ ገንዘብ አይነካም»

ተረት ነው ብል እዋሻለሁ፤ እውነት ነው ብልም እንደዚያው። ጂ ፈንድ ለቲኤስፒ ብቻ በሚወጣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ የሚቀመጥ ነው። ዋናው አይጎድልም፣ ወለዱም እንደ ረጅም ጊዜ ሰነዶች ወለድ ስለሚሰላ ለሚሰጠው ሰላም ጥሩ ክፍያ ነው።

እኔ ስቀጠር የነበሩት ሦስት ፈንዶች ብቻ ነበሩ፦ ጂ፣ ቦንድ የሚይዘው ኤፍ፣ የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚከተለው ሲ። (የአነስተኛ ኩባንያዎቹ ኤስና የውጭ አገሩ አይ የመጡት በ2001 ነው።) ቅጹን ስሞላ ከእኔ ቀድሞ የገባ አንድ የአገሬ ሰው «ጂ አድርገውና ተኛ» አለኝ። አደረግሁትና ተኛሁ።

ከ1995 እስከ 1999 ሲ ፈንድ አምስቱንም ዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሲያድግ፣ ጂ 7 በመቶ አካባቢና ከዚያ በታች ነበር። ስቴትመንቴ ላይ ግን አንድም ኪሳራ አልነበረም። ሊገኝ ሲችል ያልተገኘ ገንዘብ የሚጻፍበት መስመር ስቴትመንት ላይ የለም። የ30 ዓመት ሰው ይህን ገንዘብ ለብዙ ዓመት አይነካውም፤ ሊፈራ የሚገባው የኑሮ ውድነትን ነው። በ1993 በ100 ዶላር የሚሸመተው ዕቃ እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ከ180 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር።

ያ መካሪዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ያኔ ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ለራሱ ልክ የሆነውን ነው የሰጠኝ። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ጂን ቢመርጥ ዛሬም አልፈርድበትም።

«ሲወድቅ አውጣ፣ ሲነሣ መልስ»

ይህ ንጹሕ ተረት ነው፤ ከሁሉም ብዙ ያስከፈለኝም እሱ ነው።

በ2000 መጀመሪያ ቁጭት ይዞኝ ያለኝን ሁሉ ወደ ሲ አዛወርሁ። በዚያው ዓመት መውደቅ ጀመረና ሦስት ዓመት ተከታትሎ ወደቀ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። 2008 ሲመጣ ግን አልቻልሁም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ ባንክ ከከሰረ ከወር በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ ኮምፒውተር ከፍቼ በሙሉ ወደ ጂ አሸሸሁት። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሲ ፈንድ ያን ዓመት 37 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ ጂ 3.75 በመቶ ከፈለ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርሁ። ጉዱ መመለሻው ላይ ነው። ገበያው መጨረሻውን ታች የነካው በመጋቢት 2009 ሲሆን፣ ያኔ በየዜናው የሚወራው መዓት ብቻ ነበር። «አሁን ተመለስ» ብሎ የደወለልኝ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ሲ ወደ 27 በመቶ አገግሞ ነበር፤ እኔ ግን «ውሸቱን ነው፣ ገና ይወድቃል» እያልሁ ጂ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የተመለስሁት በ2013 ጸደይ፣ ገበያው የ2007ን ከፍታ ማለፉ በዜና ሲነገር ነው። በርካሽ ሸጬ በውድ ገዛሁ።

100 ዶላር 37 በመቶ ሲወድቅ 63 ይሆናል። 63 ተመልሶ 100 እንዲሆን ደግሞ 59 በመቶ ማደግ አለበት። ሲ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 2012 ሳያልቅ እዚያ ደርሷል፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚገባው አዲስ ገንዘቡም በረከሰ ዋጋ ሲገዛለት ከርሟል።

ደመወዝ ክፍል የምትሠራ፣ እታለም እያልሁ የምጠራት የአገር ልጅ ነበረች። ከሲ ንቅንቅ አላለችም። በኋላ «እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ችዬው! የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኝ ነው እንጂ። ደውዬ አዲስ ላወጣ ስል ስንፍና ያዘኝ።»

የእኔን የሦስት ወር ጋዜጣ ንባብ የእሷ ስንፍና በለጠው።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያ ሁሌም ሲ ነው» የሚል ካለ ሌላ ተረት ጀመረ። ከ2000 እስከ 2009 ባሉት አሥር ዓመታት ሲ ፈንድ፣ ዲቪደንዱ ተጨምሮበት እንኳ፣ ከተነሣበት ዝቅ ብሎ ነው የጨረሰው። ያን ዘመን ከሒሳቡ እያወጣ በጡረታ የኖረ ሰው ጂን ቢያመሰግን ደግ አደረገ። በ2005 የመጡት ኤል ፈንዶች ለዚህ ነው የታሰቡት፤ በወጣትነት አክሲዮን አብዝተው ይይዛሉ፣ ጡረታ ሲቀርብ በራሳቸው ወደ ጂ ያዘነብላሉ። «ከኤልም ትንሽ፣ ከሲም ትንሽ፣ ከጂም ትንሽ» የሚሉም አሉ። ኤል ውስጥ አምስቱም አሉ፤ የተደለዘ በርበሬ ላይ ሌላ ቅመም መነስነስ ነው።

«እኔ ባላስቀምጥም መንግሥት ያስቀምጥልኛል»

1 በመቶ ብቻ! ሠራተኛው ሳንቲም ባያዋጣም መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን 1 በመቶ ያስገባለታል። ሌላውን «ማች» የሚያደርገው ሠራተኛው ሲያዋጣ ነው፤ የመጀመሪያውን 3 በመቶ ዶላር በዶላር፣ ቀጣዩን 2 በመቶ በግማሽ። ስለዚህ 5 በመቶ ላዋጣ 5 በመቶ ይጨመርለታል። በዓመት 40 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ሰው ምንም ካላዋጣ ከመሥሪያ ቤቱ 400 ዶላር ያገኛል፤ 2 ሺህ ካዋጣ ግን ሌላ 2 ሺህ።

እኔ ለብዙ ዓመት 2 በመቶ ላይ ነበርሁ። ለእናቴም ለእኅቴ ልጆችም እልክ ነበር፤ በመላኬ አልጸጸትም። ግን በዚያ ደመወዝ ሒሳብ በየዓመቱ 800 ዶላር ሳልቀበል አልፎኛል፤ እሱ ለእናቴም አልሆነ፣ ለእኔም አልሆነ። ከ2010 ጀምሮ አዲስ ሠራተኛ ሳይጠየቅ 3 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። ብዙዎቹ «መንግሥት ያወጣው ልክ ነው» ብለው እዚያው ቀሩ። ለአዲስ ገቢዎች ወደ 5 ያደገው በጥቅምት 2020 ነው።

የተቻኮሉም ይጎዳሉ። ማች የሚደረገው በየደመወዙ ነው። በሕግ የተፈቀደውን የዓመት መዋጮ ጣሪያ በመስከረም ሞልቶ መዋጮው የቆመ ሰው በቀሩት ወራት የሚገባለት ያችው 1 በመቶ ናት።

«የዕዳ ጣሪያው ሲሞላ መንግሥት ጂን ይበላዋል»

በ2011ም በ2023ም ዋሽንግተን በዕዳ ጣሪያ፣ መንግሥት ሊበደር በተፈቀደለት ልክ ማለት ነው፣ ስትጨቃጨቅ ስልኬ አላረፈም። ግምጃ ቤቱ እንዲህ ባለ ጊዜ የጂ ፈንድን ገንዘብ ሰነድ ላይ ማዋሉን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል፤ ነገሩ ሲፈታ ግን ከነወለዱ እንዲተካ ሕግ ያስገድደዋል። ሁልጊዜም ተክቷል።

«ጡረታ ስትወጣ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ»

ይህን የሚነግሩን ብዙ ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኙ ሰዎች ናቸው። ሒሳቡ ከጡረታ በኋላም ይቆያል፤ ወጪው በ1 ሺህ ዶላር በዓመት 1 ዶላር እንኳ አይሞላም። ግብር ካልተከፈለበት ገንዘብ ላይ የግድ ማውጣት የሚጀመረው አሁን በ73 ዓመት ነው። ደግሞም 55 በሚሞላው ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ የለቀቀ ሰው ከቲኤስፒ ሲያወጣ ግብሩን እንጂ ያለ ዕድሜው በሚያወጣ ላይ የሚጣለውን የ10 በመቶ ቅጣት አይከፍልም። ቸኩሎ ወደ አይአርኤ፣ ማለትም ራሱ ወደሚከፍተው የግል የጡረታ ሒሳብ፣ ካዛወረው ግን እስከ 59 ዓመት ተኩል ያ ቅጣት ይጠብቀዋል። አንድ ወዳጄ ይህን የሰማው ከፈረመ በኋላ ነው።

«ኑዛዜ ጽፌያለሁ፣ ቤተሰቤ ችግር የለበትም»

ቲኤስፒ ኑዛዜ አያይም። የሚያየው ሠራተኛው የሞላውን የወራሽ ቅጽ ነው። ቅጽ ከሌለ በሕጉ ተራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች። ቅጽ ካለ ግን ትዳርም ቢመሠረት፣ ፍቺም ቢመጣ፣ የሚከፈለው እዚያ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው።

በ2015 ወረቀቶቼን ሳገላብጥ በ1993 የሞላሁትን ቅጽ ቅጂ አገኘሁ። ያኔ ወንደላጤ ነበርሁ። አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድሜ፣ 100 በመቶ። ባለቤቴና ሦስት ልጆቼ የሉበትም። በዚያው ሳምንት አዲስ ቅጽ ላክሁ፤ ደርሶ እስኪመዘገብ መንገድ ስሻገር ግራ ቀኝ ደጋግሜ አየሁ። ከዚያ ለወንድሜ ደወልሁና ነገሩን አጫወትሁት።

«እና አሁን ሰረዝኸኝ?»

«ሰረዝሁህ።»

«ጉድ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላም ነበረችኝ በሰማይ፤ ወተቷን ሳላይ ታረደች በለኛ!»