የግራፊክስ ካርድ ምርጫ፦ ስሙን ወይስ ሥራውን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የግራፊክስ ካርድን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው። ለዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ካርድ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ስለተደበቁ ለያይተን እንመልከታቸው።

ለመሆኑ የግራፊክስ ካርድ ተግባር ምንድን ነው? 1920 በ1080 የሆነ የሞኒተር ገጽ 2,073,600 የብርሃን ነጥቦች አሉት። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ በየሰከንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ጊዜ የነጥብ ቀለም መወሰን ይኖርበታል። ይህን ሥራ በካርዱ ቺፕ ውስጥ የሚገኙ እጅግ በርካታ አነስተኛ የስሌት ክፍሎች ተከፋፍለው በአንድነት ያከናውኑታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቺፑ የማን ነው?» የሚል ነው። በዚህ ረገድ የሚታወቁት ኤንቪዲያ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የካናዳውን ኤቲአይ የገዛው ኤኤምዲ እና እ.ኤ.አ. በ2022 አርክ የተሰኙትን ካርዶች ለገበያ ያቀረበው ኢንቴል ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ «ካርዱን ማን ሠራው?» የሚል ነው። እንደ አሱስና ጊጋባይት ያሉ ኩባንያዎች ቺፑን ገዝተው ሜሞሪ፣ ማራገቢያና ሌሎች ክፍሎችን በማከል በራሳቸው ስም ይሸጡታል። በመሆኑም በአንድ ዓይነት ቺፕና ሜሞሪ የተሠሩ የሁለት ኩባንያዎች ካርዶች የፍጥነት ልዩነታቸው አነስተኛ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚለያዩት በድምፅ፣ በሙቀት፣ በመጠንና በዋስትና ነው።

ስም ብቻውን እንደማይበቃ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። የኤንቪዲያ ጂቲ 1030 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሜሞሪው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያህል መረጃ የማስተላለፍ አቅም ነበረው። በዚያው ስም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላው ዓይነት ግን አቅሙ ወደ 17 ጊጋባይት ዝቅ ያለ ነበር። ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የሚያገኘው የትኛውን እንደሆነ አያውቅም።

ታዲያ በምን እንምረጥ? በቅድሚያ በሥራው ነው። ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ከሆነ በብዙ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ግራፊክስ ስለሚበቃ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ለጨዋታ ከሆነ በተቀራራቢ ዋጋ የሚሸጡ ካርዶችን በምንፈልገው ጨዋታ ላይ ካስመዘገቡት ውጤት አንጻር ማነጻጸር ይበጃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለሚያጠና ተማሪ ግን የቺፑ ባለቤት ማንነት ክብደት አለው፤ በርካታ ሶፍትዌሮች የተጻፉት ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2007 ላወጣው ኩዳ ነውና። ኤኤምዲም ሮክም የተሰኘ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው፤ ሆኖም ሁሉንም ካርዶቹን ስለማይደግፍ አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ሊሰጥ የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይሻል። የፓወር ሰፕላዩ አቅም ካላነሰ መልካም፤ ካነሰ ግን ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

በመጨረሻም ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራ እንጠይቅ፤ በተለይ ካርዱን ከውጭ የሚልክልን ዘመድ ከሆነ። እነዚህን ሁሉ ካጣራን በኋላ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም የምርጫችን መነሻ ሳይሆን መደምደሚያ ይሆናል።