ቀንበሩ ለምን ይዛነፋል?

ቀንበር ስንጠርብ አንዱ ወገን ይጎደጉዳል፤ ሌላው ያብጣል። ያን ጊዜ መጥረቢያውን እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመጥረቢያው አይደለም። እንጨቱ ስላልተያዘ ይንከባለላል። በእግር ረግጠን ብንይዘው ደግሞ መጥረቢያው እግራችንን ያገኛል።

ታዲያ ምን ይበጃል? ሁለት ወፍራም ጉማጅ አጋድሙ። በየመሐላቸው ማረፊያ ጎድጉዱ። ቀንበሩን አስቀምጡና ግራና ቀኙን በሽብልቅ አጥብቁ። በእጅ ወዝውዙት። ካልተነቃነቀ ጥረቡ።

ተይዞም ካልተስተካከለ መጥረቢያውን ሳሉ። ተስሎም እንጨቱን ከቦጫጨቀ፣ ዞራችሁ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ።

በመጨረሻ የበሬው ጫንቃ የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፍ ዳብሱ። እጅን የሻከረ ጫንቃንም ያቆስላል። በሬው በእርሻ ወራት ከቆሰለ ጥማዱ ይፈታል፤ ወቅቱም ያልፋል።

መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ኋላ መጥረብ!