ፊት ሲጣመም ሰዓት ይታይ

በደባርቅና በዳባት ገጠሮች የሰው አፍ በድንገት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ምች ወይም መጋኛ ነው። ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ጠበል ይታሰባል። ጠበሉ ከሐኪም በኋላም ይደርሳል፤ አንጎል ግን አይጠብቅም።

የፊት መጣመም የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስትሮክ የሚከሰተው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ዋናው መንስኤ፣ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆየው የደም ግፊት ነው። በሽተኛውን ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጁን እንዲያነሣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ጠይቁት። ፊቱ በአንድ ጎን ከወደቀ፣ አንዱ እጁ ከወረደ ወይም አንደበቱ ከተኮላተፈ ስትሮክን ጠርጥሩ። ድንገተኛ የዓይን መጋረድና ከባድ ራስ ምታትም ምልክቶች ናቸው። በደቂቃዎች ቢጠፉም እንኳ ሐኪም ጋ ይኬዳል።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ ነው። ከደባርቅ ለሕክምና ጎንደር ለመድረስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰሜን ተራሮች ሥር ካሉ መንደሮች ደግሞ መኪና መንገድ እስኪደረስ የቃሬዛ ጉዞ አለ። ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የደም ሥር መዘጋትን ከደም መፍሰስ የሚለየው ሲቲ ስካን በመሆኑ አስፕሪን በግምት አትስጡ። ውሃም አታጠጡ፤ ትን ሊለው ይችላል።